ውሃው የማን ነው?

ሰው የሌለ አገር ከልቡ አውጥቶ መፍጠር ይችላል ወይ ቢባል መልሱ አያከራክርም፤ ይችላል። አያቶቻችን ማታ ማታ ከምድጃ ዳር ያደርጉት የነበረው ይኸንኑ ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ አገር» ሲሉን «የት አገር?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ተራራውን አቁመው፣ ወንዙን አፍስሰው፣ ንጉሡን ዘውድ ጭነው፣ ጅቡንና አህያዋን አነጋግረው ሲያበቁ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉና አገሪቱን እንደ ነጠላ አጣጥፈው ያስቀምጧታል። በማግሥቱ በዚያች አገር ስም የተሰደበ፣ የተፈራ ወይም ከመሬቱ የተነሣ ሰው የለም። ነገሩ የሚከብደው የፈጠርነው አገር ሰዎች በሕይወት ያሉ ሰዎችን መልክ ይዘው ሲገኙ ነው። ያኔ ደራሲው የፈጠረው ማንን ነው? ተጠያቂነትስ አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄውን ያለ ነገር አላነሣሁትም። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ከሚገኙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ የሚኖር የ19 ዓመት ወጣት በቅርቡ አንድ የልብ ወለድ ረቂቅ አምጥቶ እንዳነብለት ሰጠኝ። ከረቂቁ በፊት ካርታ አለ። አራት ነጭ ወረቀቶች በማጣበቂያ ተያይዘው በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ የተሳለባቸው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። በስተሰሜን በረዶ የለበሰ ተራራ፣ በስተደቡብ የጨው ሐይቅ፣ በመካከሉ ዛፍ የማይታይበት፣ ፈረስ አሥር ቀን ቢጋልብ የማይጨርሰው ደረቅ ምድር። በሜዳው ላይ አራት ነገዶች ይኖራሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ መጽሐፉ የእርሱ ነውና ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይንገራችሁ። ለእያንዳንዱ ነገድ አማልክቱን፣ የጸጉር አሠራሩን፣ የቀብር ሥርዓቱን፣ የሰላምታ ቃሉን ሳይቀር አበጅቶለታል። ወጣቱ ተሰጥዖ አለው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ይሁንና ምዕራፍ በምዕራፍ እየገፋሁ ስሄድ እነዚህን ነገዶች ከዚህ ቀደም የማውቃቸው መሰለኝ። ሦስቱ ቤት የላቸውም፤ የከብት ጭራ ተከትለው ይዞራሉ፤ ሕግ አያውቁም፤ እንግዳ ሲያዩ ጦር ይሰብቃሉ፤ የገደሉትን ሰው ቆጥረው ይፎክራሉ። አራተኛው ነገድ ብቻ ደጋው ላይ፣ ከድንጋይ በተሠራ ከተማ ይኖራል። መጽሐፍ ያለው እርሱ ነው፤ የሚያስበው እርሱ ነው፤ ታሪኩም የእርሱ ነው። ልጁ ከአዲስ አበባ እጅግ ርቆ ሄደ ከተባለ እስከ ደብረ ዘይት ነው። ታዲያ እነዚህን የሜዳ ሰዎች ከየት አገኛቸው? ከእኛው ከደገኞቹ ነዋ! በአውቶቡስ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሻይ ቤት ስለ ቆላው ሰው ስናወራ እየሰማ ያደገውን ነው በፈረስ ላይ ያስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሌለ አገር ነው» አለኝ ነገሩን ሳነሣበት።

«እሺ፣ የሌለም ይሁን። በዚህ ሜዳ ላይ ውሃው የማን ነው?»

«የማንም። ወንዝ ነው፤ የደረሰ ይጠጣል።»

ይህን ጽሑፍ የወለደችው ይህች መልስ ናት። ዝናብ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ብቅ በሚልበት ምድር ውሃ የማንም ከሆነ፣ በዚያ ምድር ላይ ያለው ሕዝብ አይደለም፤ ግርግር ነው። ሕዝብ ሕዝብ የሚሆነው «ዛሬ ተራው የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ሲችል ይመስለኛል። ይህን ስል ግን ነገሩ የአንድ የጀሞ ወጣት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ወደ ታላላቆቹ ልሂድ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን «የሌለ ሜዳ» ፈጥረው ዝና ካተረፉት ደራስያን አንዱ ጣሊያናዊው ዲኖ ቡዛቲ ነው። «የታርታሮች በረሃ» የሚለው ልብ ወለዱ በ1940 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጆቫኒ ድሮጎ የተባለ ወጣት መኮንን ባስቲያኒ በሚባል የድንበር ምሽግ ይመደባል። ከምሽጉ ማዶ ጭጋግ የጋረደው ምድረ በዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ታርታሮች አሉ ይባላል። ምሽጉ በሙሉ እነርሱን ይጠብቃል። ዓመታት ይነጉዳሉ፣ ድሮጎ ያረጃል፤ ጠላት በመጨረሻ ሲመጣ እርሱ በሕመም ተዳክሞ ከምሽጉ እንዲወጣ ይደረግና በመንገድ ላይ ባለ ማደሪያ ብቻውን ይሞታል። ቡዛቲ ሐሳቡ የመጣለት በኮሪዬሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ሌት ሌት ይሠራው ከነበረው አሰልቺ ሥራ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ ያ ሰፊ ሜዳ የእስያ ሜዳ ሳይሆን የሚላኖ ጋዜጣ ቢሮ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች የበለጠ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ቡዛቲ ረቂቁን ለማሳተም ካስረከበ በኋላ፣ በዚያው በ1939 እ.ኤ.አ.፣ ጋዜጣው ወኪሉ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ከተማዋ ያኔ በወራሪው እጅ ናት። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ ጫካ ናቸው። ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ የማያየውን ጠላት የሚጠብቅ የጣሊያን ጦር በልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን በእርግጥም እዚህ ነበረ። ልዩነቱ አንድ ነው። በመጽሐፉ ያሉት ታርታሮች ስም የላቸውም፣ አንደበት የላቸውም፣ ለምን እንደሚመጡም አይታወቅም። ከእንጦጦ ማዶ የነበሩት ግን ስም ነበራቸው፣ ቋንቋ ነበራቸው፣ የሚመጡበትም ምክንያት ከፀሐይ ይልቅ ግልጽ ነበር። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነት ገባች። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ቡዛቲን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማንሣቴ። መጽሐፉ ስለ መጠበቅ፣ ዕድሜ እንዴት እንደሚያመልጥ ነው፤ በዚህ ረገድ ከእርሱ የተሻለ የጻፈ ብዙ አላውቅም። ሜዳው ባዶ የሆነው ድሮጎ ባዶ ስለሆነ ነው። ሆኖም ለባዶው ሜዳ ስም ሲፈልግ ያነሣው ስም ባለቤት ነበረው። ታታሮች ዛሬም በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በካዛን ከተማና በአካባቢው መስጊድና መጽሐፍ፣ ገበያና ዩኒቨርሲቲ ይዘው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። «ታርታር» የምትለዋን ተጨማሪ «ር» ያስገባችባቸው አውሮጳ ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሞንጎል ጦር ሲደርስባት የሕዝቡን ስም ታርታሩስ ከሚለው የግሪኮች የሲኦል ስም ጋር አጋባችው። በአንዲት ፊደል አንድ ሕዝብ ሲኦል ገባ ማለት ነው። የእኛ የፊደል ክርክር ከዚህ አንጻር ሲታይ ጨዋታ ነው።

(እግረ መንገዴን፦ የጣሊያንኛው ርእስ «በረሃ» የሚለውን ቃል የእንግሊዝኛው ተርጓሚ የሣር ሜዳ በሚያሰኝ ቃል ለውጦታል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ምድር የራሱ ስም ያለው አይመስልም። ከፍታውን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ሲተነትን ለሣራማው ደረቅ ሜዳ ግን «በረሃ» ብሎ ያልፈዋል። ቦረናዎች ሜዳውን ድሬ ይሉታል፤ ከታላላቆቹ የአገራቸው ክፍሎች አንዱም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስም የሌለንን ነገር ባዶ ነው ብለን ለማሰብ እንዴት እንደምንፈጥን ይህ ራሱ ያሳያል።)

የሩቅ ሜዳ ሰዎችን ማጋነን የጥንት ነው። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እስኩቴስ ሜዳ ሲጽፍ፣ ከዚያ ወዲያ የፍየል እግር ያላቸው፣ ከእነርሱም ወዲያ የዓመቱን እኩሌታ የሚተኙ ሰዎች እንዳሉ የሚወራውን መዝግቧል። ነገር ግን ይህን ሲያወሩ ሰማሁ፣ እኔ ግን አላምንም የሚል አባባል አክሎበታል። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ናት ሄሮዶቱስን ከአሉባልተኛ የለየችው። ወደዚህ ነጥብ ሌላ መንገድ ይዤ እመለሳለሁ።

እኛም በተራችን የሰው ፈጠራ ሆነን ኖረናል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮጳ ውስጥ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚባል እጅግ ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ በምሥራቅ አለ ተብሎ ተወራ፤ በስሙም ደብዳቤ ተጻፈ። መጀመሪያ የተፈለገው በእስያ ሜዳዎች፣ ከሞንጎሎች ጎረቤት ነበር። እዚያ ሲጠፋ ታዲያ ወሬው አልሞተም፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥቱንና ወርቁን ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ሙገሳ ነው፣ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖራል። ይጎዳል። የተጋነነ ተስፋ ይዞ የመጣ እንግዳ ያላገኘውን ሲያጣ ቅር ይለዋል፤ አስተናጋጁም ያልሆነውን ለመሆን ሲጥር ይኖራል።

ከሁሉ የሚብሰው የኡሬታ ታሪክ ነው። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የቫሌንሲያ ከተማ የዶሚኒካን መነኩሴ ነበር። በ1610 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዓመቱም ሌላ ደገመ። ኢትዮጵያን አላያትም። በመጽሐፉ ግን መነኮሳት በሺህ የሚቆጠሩባቸው፣ እንደ ከተማ የሰፉ ገዳማት አሉ፤ በአምባው ላይ ዓለም አይቶት የማያውቅ የመጻሕፍት ቤት አለ፤ የእርሱ ማኅበር መነኮሳትም ከጥንት ጀምሮ በአገሩ ሞልተዋል። ወሬውን ከየት አገኘው? ኢትዮጵያዊ ነኝ ካለ ጁዋን ዴ ባልታሳር ከተባለ ሰው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ፤ ሐሰት ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። የአገር ልጅ ነኝ የሚልም አገሩን ለሚሰማው ሰው ጆሮ እንዲጥም አድርጎ ይፈጥራታል።

መልሱን የሰጠው ፔድሮ ፓኤዝ ነበር። ኢየሱሳዊ ስለሆነ ከዶሚኒካኖቹ ጋር የማኅበር ፉክክር እንደነበረበት አይካድም፤ የእርሱ ወገን በአገራችን ላይ ያመጣውን መዘዝም ታሪክ ያውቀዋል። ግን በዚህ አንድ ነገር ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ፤ የጻፈውን ሄዶ አይቶታል። አማርኛና ግዕዝ ተምሯል። ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን በዓይኑ ተመልክቷል። መጽሐፉን ሲጽፍ ኡሬታን ነጥብ በነጥብ ይዞ፣ እዚያ ቦታ ሄጃለሁ፣ እንዲህ ያለ ገዳም የለም፤ ይህን ሰው ጠይቄያለሁ፣ እንዲህ ብሎኛል እያለ ነው የሚሄደው። በ1622 እ.ኤ.አ. ጨርሶ በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ። ሙሉ መጽሐፉ መቼ ታተመ መሰላችሁ? በ1905 እና በ1906 እ.ኤ.አ.፣ ሮም ውስጥ። ሐሰቱ ወዲያው ታትሞ ሲነበብ እውነቱ ከ280 ዓመት በላይ በእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። በመካከሉ የኖሩት አንባብያን ስለ እኛ ያሰቡትን ሁሉ ማን ይመልሰዋል?

ይህን ሁሉ ዘመን በባዕድ ተፈጠርን እያልን ስናማርር ኖረናል፤ አማረርን እንጂ አልተማርንበትም። ኡሬታ በእኛ ላይ ያደረገውን እኛ ደገኞች በሜዳችን ሰዎች ላይ አድርገነዋል። ከአዋሽ ተፋሰስ እስከ ኦጋዴን፣ ከቦረና እስከ ታችኛው ኦሞ ያለው ምድር በከተሜው አእምሮ ውስጥ የተሳለው በአንድ ቀለም ነው። ሙቀት፣ አቧራ፣ ጦር። «ዘላን» የሚለው ቃል የአኗኗር ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። በኋላ ጨዋ ሰዎች በአርሶ አደር አምሳል «አርብቶ አደር» የሚል ቃል አወጡ። ደግ አደረጉ። ይሁንና ቃል መለወጥ ካርታ አይለውጥም።

ካርታው ሕግ የሆነበትንም ዘመን ማስታወስ ይገባል። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ በማንም ስም ያልተያዘውን ንብረት የመንግሥት ያደርገዋል፤ የግጦሽ መሬቶችንም ሁሉ በስም ጠርቶ እዚያው ያስገባል። አስቡት፤ ሺህ ዓመት የተረገጠ፣ እያንዳንዱ ኩሬና ጉብታ ስም የወጣለት መሬት በወረቀት ላይ ባለቤት አልባ ሆነ። ይህን አንቀጽ የጻፈ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። የጻፈው ግን ያላየውን አገር ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በወንዙ ዳርና ዳር የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተዘረጉ፤ በመተሐራ ዙሪያ ከረዩዎች በስኳሩ እርሻና በአዋሽ ፓርክ መካከል ተጣበቡ፤ ወደ ታች አፋሮች የወንዙን ዳር አጡ።

ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ ልብ በሉ። ከብት አርቢው በዝናብ ወራት ወደ ሩቁ ሜዳ ይወጣል፤ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ስለዚህ አጥኚው በዝናቡ ወራት ወንዙ ዳር ቢሄድ ሰው የለም፤ በበጋ ወደ ሩቁ ሜዳ ቢሄድም ሰው የለም። ሁለቱንም ቦታ «ባዶ» ብሎ መዝግቦ ቢመለስ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ያላየው ነገር ሁለቱ ባዶዎች አንድ ቤት መሆናቸውን ነው። የወንዙ ዳር የዚያ ቤት ጓዳ ነው። ጓዳው ሲዘጋ ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ይቀራል እንጂ አያኖርም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ አፋር እንዴት እንዳለቀ የሚያስታውሱ አሉ፤ ዝናቡ ብቻ አልነበረም የቀረባቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ለአርብቶ አደሮች በነፃ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። በወረቀት ላይ ሜዳው ሰው አለበት ተብሎ የታመነው እንግዲህ ያኔ ነው።

የሩቁን ትተን የእግራችንን ሥር እንይ ቢባልም አንቸገርም። ጀሞና ለቡ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ማሳና ግጦሽ ነበሩ። ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት እዚህ ምንም አልነበረም የሚል ጎረቤት ዛሬ አይጠፋም። ላፍቶ የሚለው ስም ራሱ የግራር ስም ነው፣ ኦሮምኛ ነው። ግራሩን የሰየመ ሰው እዚህ ነበረ ማለት ነው። ወጣቱ ደራሲያችን የሌለውን ሜዳ የሳለው አንድ የነበረ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ቀላል ተቃውሞ አይደለምና። «ልብ ወለድ የምስክር ቃል አይደለም። ደራሲው እውነት ልናገር ብሎ አልማለም። ሰዎቹን ክፉም ደግም አድርጎ የመፍጠር ነፃነት ከሌለው ምኑን ደራሲ ሆነ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በዚህ አገር ይህ ተቃውሞ ታሪክ አለው። የሳንሱር መሥሪያ ቤት ቀይ እስክሪብቶ ቃል እየነቀለ፣ ገጽ እየገነጠለ የኖረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ጸሐፍት በሕይወት አሉ። የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ሲያስቀር የተሰማንን እፎይታ ማንም እንዲነጥቀን አንሻም። ስለዚህ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጌ ልናገር፤ የጀሞው ወጣት መጽሐፍ አንድም ቃል ሳይነካ ቢታተም ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ ለሳንሱር ሹም አይደለም፤ ለራሱ ለደራሲው ነው።

ለእርሱም ቢሆን ጥያቄዬ «ለምን ክፉ አደረግሃቸው?» የሚል አይደለም። ክፉ ሰው በቆላም በደጋም አለ። እንዲያውም የሜዳውን ሰው መልአክ አድርጎ መሳል ሌላው የኡሬታ በሽታ ነው፤ በቱሪስት ፖስት ካርድ ላይ እንደምናየው፣ ከነጨሌውና ከነላባው ቆሞ የሚፈግግ፣ ጊዜ ያልነካው ንጹሕ ፍጡር ይሆንና ትናንት ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ከተማ መውጣቱ ይደበቅበታል። ጥያቄዬ ሰውየው ምክንያት አለው ወይ የሚል ነው። ሲሰርቅ ለምን ይሰርቃል? ሲታረቅ በማን ፊት ይታረቃል? ሴት ልጁ ስታኮርፍ ወዴት ትሄዳለች? ሲቀልድ በማን ይቀልዳል? ደጋ ላይ ባለው የድንጋይ ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ይህ ሁሉ አላቸው። ለሦስቱ ነገዶች የተነፈገው ለምንድን ነው? የፈጠራ እጥረት አይደለም፤ ደራሲው አማልክት ለመፍጠር አልሰነፈም። ፈጠራው የቆመው የእኛ ወሬ በጀመረበት ቦታ ነው። ነፃነቱን የነጠቀው እንግዲህ ማን ነው?

ሄሮዶቱስ አየሁና ሰማሁ እያለ ይለይ እንደነበረ ጠቅሻለሁ። ይህን ልማድ ለመማር ግሪክ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ከአዋሽ በታች አለ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች በሜዳ ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁም እንኳ ቁጭ ይሉና ወሬ ይለዋወጣሉ። ወሬ ስል ሐሜት ማለቴ አይደለም። ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት ደረቀ፣ የከብት በሽታ የት ገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተጣላ፣ በመንገድ ላይ ምን እንግዳ ሰው ታየ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል፤ ከሰማ ከማን እንደሰማ ይናገራል። አድማጩ ይጠይቃል። ከዚያ ተነሥተው በየአቅጣጫቸው ይሄዳሉ፤ ወሬውም ለሚቀጥለው ሰው በዚያው ጥንቃቄ ይተላለፋል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ቃሉን የሚቀበለው አያገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሃ አለ ተብሎ ከብቱን የነዳ ሰው ውሃ ካላገኘ ያልቃል።

አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአውሮጳ መንገደኞች ስለ አፋር ሲጽፉ ኖረዋል፤ ከጻፉትም የሚበዛው ስለ ግድያና ስለ ሰለባ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር እዚሁ አዲስ አበባ በ1910 እ.ኤ.አ. የተወለደ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. አውሳን አቋርጦ አዋሽ በአቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያልቅ አረጋገጠ፤ ለጀግንነቱም ተመሰገነ። ጉዞ ማድረጉ እውነት ነው፣ አደጋውም ነበረ። ግን ወንዙ የት እንደሚያልቅ በየቀኑ ከብት የሚያጠጡት አፋሮች ሁሉ ያውቁ ነበር። ያላወቀው ካርታው ነው። ሕግ የለሽ እየተባለ የተጻፈበት ሕዝብ ደግሞ ወሬ ማጣራትን ያህል ከባድ ነገር ሕግ አድርጎ ይኖር ነበር፤ ስለ እርሱ የሚጽፉት ግን ያ ሕግ አልነበራቸውም።

ወደ ውሃው እንመለስ። የእኔ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለወጣቱ የነገርኩት በቦረና ምድር ስላሉት የቱላ ጉድጓዶች በማውራት ነው። ዘጠኝ ናቸው ይባላል፤ ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ጋዮ፣ ዌብ ከእነርሱ መካከል ናቸው። በጋዮ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰባል፤ ሕግ ይታያል፣ ይሻሻላል። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚደርሰው መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል በተቆፈረ ረጅም መተላለፊያ ነው። ከገንዳው በታች ሰዎች በእንጨት መሰላልና በድንጋይ እርከን ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። ኦኮሌ የሚባለው የቆዳ ባልዲ ከታች ሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፤ ባዶው በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ቱሪስቶች «ዘፋኝ ጉድጓዶች» ብለዋቸዋል፤ ሰዎቹ ሲያወጡ ስለሚያዜሙ። የሚዘፍኑት ለቱሪስት አይደለም፤ ለከብቱ ነው፤ ዜማውም እጆቹ አንድ ላይ እንዲነሡና እንዲወርዱ ያደርጋል።

ጉድጓዱ አባ ኮንፊ አለው፤ ቆፍሮ ወይም አስቆፍሮ ያወጣው ሰው፣ ወይም የእርሱ ወራሽ። አባ ኮንፊ ስለሆነ ግን ውሃውን እንደፈለገ አያደርገውም። ጉድጓዱ የጎሣው ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው፤ ሄሬጋ ማለት ቆጠራው፣ ተራው ነው። ማን ዛሬ እንደሚያጠጣ፣ ማን ነገ፣ ጉልበት ማን እንደሚያዋጣ፣ አጥሩን ማን እንደሚያድስ፣ ገንዳውን በጭቃ ማን እንደሚመርግ የሚያስታውቀው እርሱ ነው። ተራውን የጣሰ ይቀጣል። በእግሩ የደረሰ ጠሚ ሰው ግን ተራ አይጠየቅም፤ ይጠጣል።

ጠዋት አቧራው ከሩቅ ይታያል። መንጋው ከመተላለፊያው አፍ ላይ ይቆማል፤ እረኛው እየቆጠረ ጥቂት ጥቂቱን ይለቃል። የጠጡት በሌላ በኩል ይወጣሉ። ከታች ዜማው ይጀመራል፤ ኦኮሌው ይወጣል፣ ገንዳው ይሞላል። በበጋ አንድ መንጋ በየሦስተኛው ቀን ነው የሚደርሰው። ነገ ተራው የሌላው ነው፤ ያም ማን እንደሆነ ከዛሬ ይታወቃል።